አልጎርስ ያለ ጥይትና ያልተለመደ ድምፅ፦ ጠመንጃ የሚሰጣቸው ማስጠንቀቂያዎች

በብዙ የሀገራችን ገጠሮች ጠመንጃ ከአባት ወደ ልጅ የሚሻገር ንብረት ነው። ጥይቱ ግን አብሮ አይወረስም፤ ከዚህም ከዚያም ተለቃቅሞ፣ አንዳንዴም ዕድሜው ሳይታወቅ ከአሮጌ ሣጥን ወጥቶ ይጎርሳል። ጠመንጃ በገዛ ባለቤቱ ፊት ላይ እንዲፈነዳ የሚያደርጉት ችግሮች አንዱ ምንጭ ይኸው አለመጣጣም ነው።

ቃታ ሲሳብ መርፌው በቀለሁ ግርጌ ያለችውን መለኮሻ ይመታል፤ ባሩዱም ከዓይን ቅጽበት ባነሰ ጊዜ ነዶ ጋዝ ይሆናል። በክላሽንኮቭ ጥይት ውስጥ የሚፈቀደው ከፍተኛ ግፊት 355 ሜጋፓስካል ሲሆን፣ ይህም ከመኪና ጎማ ግፊት ከ1 ሺህ እጥፍ በላይ ነው። ይህን ኃይል የሚችለው ቀለሁ ሳይሆን በዙሪያው ያለው የጠመንጃው ብረትና ከኋላ የሚቆልፈው መዝጊያ ነው። ቀለሁ በሚገባ ሳይገባ ወይም መዝጊያው ሳይቆለፍ ጥይቱ ከተተኮሰ ጋዙ ወደ ተኳሹ ፊት ይመለሳል።

ስለዚህ ጥይት አልጎርስ ሲል በመዶሻ፣ በድንጋይ ወይም በመዳፍ መትቶ ማስገባት ፈጽሞ አይገባም። ምክንያቱ ቆሻሻ፣ ዝገት፣ የተጣመመ ቀለህ ወይም የሌላ ጠመንጃ ጥይት ሊሆን ይችላል። በግድ ሲገፋ አረሩ ወደ ቀለሁ ውስጥ ሊሰምጥ ይችላል፤ ያን ጊዜ ለባሩዱ የቀረው ቦታ ስለሚጠብ ግፊቱ ከልኩ ያልፋል። ተነክሶ የቀረን ጥይትም ከአፈሙዙ በኩል በዘንግ መግፋት ያው አደጋ ነው። አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አቅጣጫ ማድረግ፣ ጣትን ከቃታ ማራቅ፣ ካርታውን መንቀል፣ ከዚያ በእጅ የማይወጣ ከሆነ ለባለሙያ መስጠት ይገባል።

በቁጥርም መታለል አለ። 7.62 የሚለው ቁጥር የክላሽም ሆነ የረጅሙ የሩሲያ ጠመንጃ ጥይት ስም ላይ አለ፤ ሆኖም የአንዱ ቀለህ 39 ሚሊ ሜትር፣ የሌላው 54 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በወታደራዊ ጥይት ግርጌ ላይ ብዙ ጊዜ የሚታተመው የፋብሪካው መለያና የተሠራበት ዓመት ስለሆነ ጽሑፉን አይቶ መተማመን አይቻልም። ከዚህ የሚብሰው የማውዘር ነገር ነው። በ1888 እ.ኤ.አ. የወጣው የጀርመን ጥይት አረር ስፋቱ 8.08 ሚሊ ሜትር ሲሆን በ1905 የተተካው 8.22 ሆነ፤ ቀለሁ ግን በመልክ ያው ነው። አዲሱ ጥይት በአሮጌው ጠመንጃ ያለችግር ሊጎርስ ይችላል፤ ሲተኮስ ግን ሰፊው አረር በጠባቡ አፈሙዝ ለማለፍ ይታገላል። በመሆኑም ጎረሰ ማለት ተስማማ ማለት አይደለም። በዓድዋ የተዋጋው ውጅግራ ደግሞ በ1874 እ.ኤ.አ. ለጥቁር ባሩድ የተሠራ ነውና፣ በዘመናዊ ባሩድ ከመሞከር ይልቅ በቅርስነት ቢቀመጥ ይሻላል።

ግፊት ከልክ ሲያልፍ የወደቀው ቀለህ ይመሰክራል። መለኮሻዋ ጠፍጥፋ ከቀለሁ ጋር እኩል ስትሆን፣ ስትበሳ ወይም ዙሪያዋ በጥላሸት ሲጠቁር፣ ቀለሁ ከግርጌው አጠገብ ዙሪያውን ሲሰነጠቅ፣ መዝጊያው አልከፈት ሲል፣ ተኩሱ እዚያው ላይ መቆም አለበት። አንዳንዱ ምልክት ከቆሻሻ ብቻ ሊመጣ ይችላል፤ ይህን መለየት ግን ተኩስ በማስቀጠል የሚሆን አይደለም።

ከሁሉ የከፋው ደካማ ድምፅ ነው። ጥይቱ እንደወትሮው ሳይጮኽ «ፑፍ» ብሎ፣ ሰደፉም ትከሻን ሳይገፋ ከቀረ፣ አረሩ አፈሙዙ ውስጥ ተወትፎ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ተኳሹ ከሸፈብኝ ብሎ ሌላ ጥይት ያጎርስና ይተኩሳል፤ ሁለተኛው አረር ከፊቱ የቆመውን ሲያገኝ ብረቱ ሊተረተር ይችላል። ስለዚህ ወዲያው ማቆም፣ ማራገፍ፣ ጠመንጃው ባዶ መሆኑን ካረጋገጡ በኋላ ከመዝጊያው በኩል ብርሃን ማሳለፉን ማየት ያስፈልጋል። ሲጸዳ የተረሳ ጨርቅ ወይም የገባ ጭቃም እንዲሁ ያደርጋል።

ጥይቱ ጨርሶ ካልጮኸ ደግሞ አፈሙዙን ሳያዞሩ ቢያንስ 30 ሰከንድ መጠበቅ ይመከራል፤ ዘግይቶ የሚነሳ ጥይት አለና። በተከታታይ ተኩስ በጋለ ጠመንጃ ውስጥ ግን የጎረሰ ጥይት በሙቀቱ ብቻ ሊተኮስ ስለሚችል፣ ከመጀመሪያውም ጥይት አጉርሶ ማቆየት አይገባም።

ጥይትን ዘይት መቀባት ይጠቅመዋል የሚለው ልማድ ስሕተት ነው። ዘይቱ ወደ መለኮሻዋ ዘልቆ ያከሽፋታል፤ ቀለሁም ብረቱን ጨብጦ እንዳይዝ ስለሚያደርግ ግፊቱ መዝጊያው ላይ ይበረታል። የብዙ አሮጌ ጥይቶች መለኮሻ ጨው መሰል ዝቃጭ ስለሚተው ከተኩስ በኋላ በሳሙናና በሞቀ ውሃ ማጠብ፣ ማድረቅ፣ ከዚያም ለብረቱ ስስ ዘይት መቀባት ተገቢ ነው፤ ጥይቱ የሚጎርስበት ክፍል ግን ደረቅ ይሁን።

የዛገ፣ የተጣመመ ወይም ምንጩ ያልታወቀ ጥይት በእሳት አይጣልም፤ ቀለሁ ፈንድቶ ስብርባሪው ዓይን ያጠፋል። ፈቶ ባሩዱን ማውጣትም እንዲሁ አይሞከርም። በአቅራቢያ ለሚገኝ ፖሊስ ጣቢያ አስቀድሞ ደውሎ ማሳወቅና አረካከቡን መጠየቅ ይቻላል።