የልብስ ሰፊው ግዞት

በ1788 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) እስረኞችን የጫኑት የመጀመሪያዎቹ የእንግሊዝ መርከቦች ከአውስትራሊያ ጠረፍ ደረሱ። በዚያው ዓመት፣ ቻተም በተባለው የእንግሊዝ የባሕር ኃይል ወደብ አካባቢ ዊልያም ከፌይ ተወለደ። ከ61 ዓመት በኋላ እርሱም በተራው በእስረኞች መርከብ ተጭኖ ወደዚያው የዓለም ዳርቻ ተጋዘ።

ለቤተሰቡ ግን ይህ የመጀመሪያው የግዳጅ ጉዞ አልነበረም። አያቱ ከአፍሪካ ተፈንግሎ የተሸጠ መሆኑ በ1850 በወጣው የሕይወት ታሪኩ ተጽፏል። አባቱም በካሪቢያን ባሕር በምትገኘው በሴንት ኪትስ ደሴት በባርነት ተወልዶ፣ በኋላ በእንግሊዝ የጦር መርከብ ላይ ወጥ ቤት ሆኖ ሠርቷል። ዊልያም ከልደቱ ጀምሮ አከርካሪው የጎበጠ፣ ቁመቱም ከአንድ ሜትር ተኩል የማያልፍ ሰው ነበር። ሙያው ልብስ ስፌት ነው። በ1834 የለንደን ልብስ ሰፊዎች ሥራ ሲያቆሙ፣ ማኅበራቸውን ቀድሞ ያልደገፈው ከፌይ ከባልንጀሮቹ አልለይም ብሎ አብሮ አደመ፤ እንጀራውንም አጣ።

ከዚህ በኋላ የቻርቲስቶችን ንቅናቄ ተቀላቀለ። ቻርተሩ ለአካለ መጠን የደረሰ ወንድ ሁሉ በምሥጢር ድምፅ እንዲሰጥ፣ ድኻውም ፓርላማ መግባት እንዲችል ለእንደራሴዎች ደመወዝ እንዲከፈል ይጠይቅ ነበር። (ሴቶችን መዘንጋቱ ከጉድለቶቹ ትልቁ ነው።) ከፌይ በለንደን ከታወቁት መሪዎች አንዱ ስለ ሆነ፣ የገዥው ክፍል ጋዜጦች በቆዳው ቀለም ይሳለቁበት ጀመር። ሚያዝያ 10 ቀን 1848 በኬኒንግተን ሜዳ ታላቁ ሰልፍ ሲጠራ የሰልፉ ኮሚቴ ሰብሳቢ እርሱ ነበር። ሰልፈኛው ወንዙን እንዳይሻገር ፖሊስ ሲከለክልና ዋናው መሪ እሺ ሲል፣ ከፌይ በአደባባይ ተቃወመ።

በነሐሴ ወር ተያዘ። በኦልድ ቤይሊ ችሎት የመሰከሩበት መንግሥት በንቅናቄው ውስጥ ያሰረጋቸው ሰላዮች ነበሩ። እርሱም በእኩዮቼ እንጂ በባለጸጎች አልዳኝም ብሎ ቢከራከር ሰሚ አላገኘም፤ ዕድሜ ልክ ግዞት ተፈረደበት። በእኛ አገር ግዞት ሲባል ከዓይን የማይሰወር ተራራ፣ አንድ አምባ ይታሰበናል፤ የእንግሊዝ ግዞት ግን ሰውን ከነአድማሱ የሚነጥቅ ነበር።

አሁን በእጃችን ያለው ምስሉ በዚያ ሰሞን በኒውጌት ወህኒ ቤት ክፍሉ ውስጥ የተሣለ ነው። ሠዓሊው ዊልያም ዳውሊንግ የተባለ አየርላንዳዊ ሲሆን፣ በተመሳሳይ ክስ የተፈረደበት የእስር ባልንጀራው ነበር። የእስረኞች መዝገብ የከፌይን ቁመትና ሙያ ይነግረናል፤ ረጋ ያለውን፣ አንገቱን ያልሰበረውን ሰው ያሳየን ግን ይህ እስረኛ ነው።

የለንደን ጓዶቹ ለስንብት የባይረንን ግጥሞች መጽሐፍ ሰጡት። ከዳውሊንግ ጋር አዴላይድ በተባለው መርከብ 103 ቀናት ተጉዞ፣ ኅዳር 29 ቀን 1849 ዛሬ ታዝማኒያ በምትባለው ደሴት ሆባርት ከተማ ደረሰ። ከወህኒ ውጭ በደመወዝ እንዲሠራ ስለ ተፈቀደለት፣ በ61 ዓመቱ እንደገና መርፌውን አነሣ። ባለቤቱ ሜሪ አን ባሕሩን አቋርጣ የተቀላቀለችው በ1853 ነው።

በ1856 ምሕረት ተደረገለት፤ ወደ እንግሊዝ ግን አልተመለሰም። ሠራተኛውን ለአሠሪው አሳልፎ የሚሰጠውን የጌታና የሎሌ ሕግ ለማሻሻል በሆባርት ስብሰባዎች ላይ ይናገር ጀመር። በስተርጅናው ባደረገው ንግግር ላብ አደሮቹን እንደ እርሱ ባሪያዎች እንደ ሆኑ አድርጎ ጠራቸው፤ ራሱም ሽማግሌ፣ ድኻ፣ ሥራ ፈትና ባለዕዳ ስለ ሆነ ለማማረር በቂ ምክንያት እንዳለው ነገራቸው። ከባርነት የተወለደ ሰው ልጅ ይህን ቃል ለጌጥ የመረጠው አይመስለኝም።

በ1869 የድኾች መጦሪያ ገባ። የመጦሪያው ኃላፊ ጸጥተኛና ከመጽሐፍ የማይለይ ሰው እንደ ነበር መስክሯል። በሐምሌ 1870፣ በ82 ዓመቱ እዚያው ሞተ። ምናልባት ወዳጆቹ አንድ ቀን ሐውልት ሊያቆሙለት ቢሹ ተብሎ በመቃብሩ ላይ ምልክት ተደረገ።