ማሽኑ የፈጠረው ዕዳ

ወዳጆቼ፣ ሰሞኑን «የመንግሥት ቢሮ ሥራ ለኤአይ ይሰጥና ከ'ነገ ተመለስ' እንገላገል» የሚል ሐሳብ በብዛት አያለሁ። ምኞቱ ይገባኛል። የታሪክ መምህር ነኝና ግን «ቀድሞ የሞከረው አገር ምን ገጠመው?» ማለት ይቀናኛል።

አውስትራሊያን እንይ። የድጎማ መሥሪያ ቤቱ ሴንተርሊንክ እ.ኤ.አ. በ2016 የድጎማ ተቀባዮችን መዝገብ ከግብር መረጃ ጋር በኮምፒውተር እያመሳከረ «ትርፍ ወስደሃል፣ መልስ» የሚል ደብዳቤ በገፍ መላክ ጀመረ። ሕዝቡ «ሮቦዴት» አለው።

ችግሩ የት ነበር? ድጎማው የሚሰላው በየሁለት ሳምንቱ ገቢ ነው። ማሽኑ ግን የዓመቱን ገቢ ለ26 አካፈለው። አንዲት ልጅ ስድስት ወር ሠርታ 26,000 ዶላር አገኘች፣ ከዚያ ሥራ አጥታ ድጎማ ወሰደች እንበል። ማሽኑ «ዓመቱን ሙሉ በየሁለት ሳምንቱ 1,000 ዶላር ስታገኚ ነበር» ብሎ ዕዳ ይጽፍባታል። ማካፈሉ ልክ ነው፤ ፍርዱ ግን ሐሰት።

የባሰው ሌላ ነው። ድሮ ሠራተኛ አጣርቶ ነበር የሚወስነው። አሁን የማስረጃው ሸክም ወደ ዜጋው ዞረ፦ የዛሬ ስንት ዓመት የተከፈለህበትን ወረቀት አምጣ! ያላመጣው ላይ ዕዳ ሰብሳቢ ተላከበት። አሠራሩ ከሕጉ ጋር እንደማይሄድ የመንግሥት የሕግ ባለሙያዎች ገና በ2014 ጽፈው ነበር፤ ሰሚ አላገኙም። በ2019 ፍርድ ቤት ሕገወጥ አለው። በ2020 መንግሥት ወደ 470,000 ለሚጠጉ ዕዳዎች 721 ሚሊዮን ዶላር እንደሚመልስ አስታወቀ።

ልብ በሉ፣ ያ ማሽን ከማካፈል ሌላ ብዙም አያውቅም ነበር። ስህተቱም አንድ ዓይነት ስለነበር ተያዘ። የዛሬዎቹ የቋንቋ ሞዴሎች ግን የሌለ አንቀጽ ጠቅሰው አሳምረው ሊጽፉ ይችላሉ፤ ጥያቄውን ትንሽ ስትለውጡት መልሱም ሊለወጥ ይችላል። በአማርኛ ደግሞ የተማሩበት ጽሑፍ ከእንግሊዝኛው ጋር ሲነጻጸር በጣም ጥቂት ነው።

ስለዚህ ደብዳቤ ያርቅቅ፣ ፋይል ይፈልግ፣ ቅጽ ያስሞላ፤ እሱንም በራሳችን ቋንቋና ጉዳይ ተፈትኖ። «ተከልክለሃል» ወይም «ዕዳ አለብህ» የሚለውን ግን ሕጉን ጠቅሶ፣ ስሙን ፈርሞ፣ ይግባኝ የት እንደሚባል የሚነግር ሰው ይወስነው። ማስረጃውንም ዕዳ አለብህ ባዩ ያቅርብ።

«ነገ ተመለስ» የሚል ሠራተኛ ያናድዳል፣ እውነት ነው። ቢያንስ ግን ፊት ለፊት ቆማችሁ «ለምን?» ትሉታላችሁ።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? በተለይ ቢሮ የምትሠሩ የድሮ ተማሪዎቼ፣ ጻፉልኝ።