ጨረቃዋ የመሰከረችው ቀን፦ ፎቶግራፍ እንደ ታሪክ ምንጭ



የዛሬውን ንግግሬን ከራሴ ስሕተት እጀምራለሁ። ስለ ታሪክ ምንጮች በማስተምርበት ክፍል ለብዙ ዓመታት አንድ ፎቶግራፍ እያሳየሁ፣ «ሙሉ ጨረቃ በሌሊት ስትወጣ» እል ነበር። አሜሪካዊው አንሰል አዳምስ በኒው ሜክሲኮ፣ ሄርናንዴዝ በምትባል መንደር ያነሣው ነው። ከላይ ጥቁር ሰማይና ጨረቃ፣ ከሥር ደመናና በረዶ የለበሱ ተራሮች፣ ግርጌው ላይ ቤተ ክርስቲያንና ነጫጭ መስቀሎች ያሉት የመቃብር ስፍራ ይታያል። አንድ ቀን አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ፣ «ዶክተር፣ የፀሐይ ብርሃን ገና መስቀሎቹ ላይ ሳለ ሙሉ ጨረቃ እንዴት ያን ያህል ከፍ ትላለች?» ስትል ጠየቀችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ጥያቄዋ ተገቢ ነበር። ጨረቃ የምትሞላው ከምድር ሲታይ ከፀሐይ በተቃራኒው አቅጣጫ ስትሆን ነው፤ ስለዚህ ሙሉ ጨረቃ የምትወጣው ፀሐይ በምትጠልቅበት ሰዓት አካባቢ ነው። ከመሙላቷ በፊት ባሉት ቀናት ቀደም ብላ፣ ከዚያ በኋላ ባሉት ደግሞ ዘግይታ ትወጣለች፤ ልዩነቱ በአማካይ በቀን 50 ደቂቃ ያህል ነው። በሄርናንዴዝ ግን ፀሐይ ሳትጠልቅ ጨረቃዋ ከተራሮቹ በላይ ርቃለች። እንግዲያው ለመሙላት ቀናት የቀሯት ጨረቃ ነበረች።

በዚያ ምሽት የሆነውን አዳምስ ራሱ ጽፎልናል። በመኪና ወደ ሳንታ ፌ ሲመለስ ትዕይንቱን አይቶ መንገድ ዳር ቆመ፤ 8 በ10 ኢንች ፊልም የሚይዘውን ትልቅ ካሜራውን እየተጣደፈ ተከለ፤ የብርሃን መለኪያውን ግን ፈልጎ አጣው። ችግሩ ቀላል አልነበረም። ጨረቃ የፀሐይ ብርሃን ያረፈበት ዐለት ናትና ድምቀቷ ብርቱ ነው፤ ምድሩ ግን በየደቂቃው ይጨልማል። ፊልሙን ለምድሩ በሚበቃ መጠን ሲያጋልጡት ጨረቃዋ መልክ የሌላት ነጭ ክብ ትሆናለች፤ ለጨረቃዋ ሲመጥኑት ምድሩ ይጠፋል። ሁለቱ በአንድ ፊልም ላይ በቀላሉ የሚስማሙት ፀሐይ በምትጠልቅባቸው ጥቂት ደቂቃዎች ነው። አዳምስ የጨረቃ ድምቀት በካሬ ጫማ 250 ሻማ መሆኑ ትዝ አለው፤ ከዚያ ተነሥቶ ስሌቱን ሠራ። ቢጫ ማጣሪያ አድርጎ፣ የሌንሱን ቀዳዳ ኤፍ 32 ላይ አጥብቦ፣ ፊልሙን ለ1 ሴኮንድ አጋለጠ። ለመጠባበቂያ ሁለተኛ ሊያነሣ ሲል ብርሃኑ ከመስቀሎቹ ላይ ተነሣ። ያለው ኔጌቲቭ አንድ ብቻ ነው።

የጨረቃን ድምቀት በቁጥር ያስታወሰው ይህ ሰው ፎቶግራፉን ያነሣበትን ዓመት ግን በእርግጠኝነት ማስታወስ አልቻለም። በተለያየ ጊዜ 1940፣ 1941፣ 1942 እና 1944 እ.ኤ.አ. የሚሉ ዓመታት ተሰጥተውታል። በኮሎራዶ ይሠራ የነበረው ዴቪድ ኤልሞር የጨረቃዋን ቦታ መርምሮ ኦክቶበር 31 ቀን 1941 እ.ኤ.አ. ነው አለ። የሥነ ፈለክ መጽሔት አዘጋጅ የነበረው ዴኒስ ዲ ቺኮ ግን ነገሩን እንደገና ፈተሸ፤ አዳምስ የቆመው በዛሬው አውራ ጎዳና ላይ ሳይሆን 15 ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው በአሮጌው መንገድ ጠርዝ ላይ እንደነበረም ደረሰበት። በ1991 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ውጤት ኖቬምበር 1 ቀን 1941 የሚል ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 22 ቀን 1934 ዓ.ም.፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ከ49 ደቂቃ ከ20 ሴኮንድ። ጨረቃዋ ለመሙላት ሁለት ቀን ያህል ይቀራት ነበር።

የእኛ ጸሐፍት ይህን የምርመራ መንገድ ቢያዩ ባልተገረሙ ነበር። ባሕረ ሐሳብን የተማሩት በብራና መጻሕፍት ላይ ዓመተ ምሕረቱን ብቻ ሳይሆን ወንጌላዊውን፣ አበቅቴውን፣ አልፎ አልፎም የጨረቃዋን ዕለት ይጽፉ ነበር። አንዱ ከሌላው ካልገጠመ ስሕተት መኖሩን እናውቃለን።

ይሁንና «ፎቶግራፍ አይዋሽም» ብለን እንዳናርፍ የሚያስገድደን ሌላ ነገር አለ፤ እኔንም ያሳተኝ እርሱ ነው። አዳምስ በ1948 እ.ኤ.አ. የኔጌቲቩን የታችኛውን ክፍል በኬሚካል አጠናክሯል። በቀደሙት ቅጂዎች ሰማዩ ፈዘዝ ያለና ደመና የሚታይበት ነው፤ ዓመታት ባለፉ ቁጥር ግን በጨለማ ክፍል እያጠቆረው ሄዷል። እኔ «ሌሊት» ያልሁት ጥቁረት በአብዛኛው የእጁ ሥራ ነበር። የጨረቃዋ ቦታና የመስቀሎቹ ብርሃን ግን የዚያ ምሽት ናቸው።

ተማሪዎቼ፣ ወደፊት በቤተ መዛግብት ውስጥ በጀርባው ዓመት የተጻፈበት ፎቶግራፍ ሲያጋጥማችሁ ጽሑፉን በሌላ ማስረጃ ሳታመሳክሩ አትመኑት። ጥላው ወዴት እንደወደቀ፣ መንገዱ ያን ጊዜ በየት በኩል ያልፍ እንደነበር፣ ጨረቃ ካለችም ስንት ቀን እንደሆናት መርምሩ። ቅጂው መቼና በማን እንደታጠበም ጠይቁ። ከተቻለም ቦታው ድረስ ሂዱ። እኔ ይህን ሳላደርግ ዓመታት አስተምሬያለሁ፤ ያረመችኝም ምስሉን አተኩራ የተመለከተች አንዲት ተማሪ ናት።