ወፍጮው ስለፈጨ ብቻ ደኅና ነው አይባልም፦ በሥራ ቦታ የኤሌክትሪክ መሣሪያዎች ፍተሻ ምንድን ነው?

ከመኸር በኋላ ባሉት ወራት በገጠር ከተሞች የወፍጮ ቤት ደጃፍ ሰልፉ ይረዝማል። ጤፍና በቆሎ የጫኑ አህዮች ውጭ ይቆማሉ፤ ውስጥ ደግሞ ሞተሩ ከማለዳ እስከ ምሽት አያርፍም። ፈጪው እህሉን ሲጨምር፣ ባለተራው ጆንያውን ከዱቄት መውረጃው ሥር ሲያስጠጋ፣ ልጅ ያዘለች እናት ብረቱን ደገፍ ብላ ተራዋን ስትጠብቅ ሁሉም አንድን የብረት አካል ይነካሉ። ያንን ብረት ከ380 ቮልቱ የሦስት ፌዝ መስመር የሚለየው በሞተሩ ውስጥ በመዳብ ሽቦው ላይ የተቀባ ስስ ቫርኒሽና በመካከሉ የተወተፈ ወረቀት ብቻ ነው።

በብዙ ወፍጮ ቤት፣ ብየዳ ቤትና ዳቦ ቤት መሣሪያ የሚመዘነው በአንድ ጥያቄ ነው፤ ይሠራል ወይስ አይሠራም? ይህ መመዘኛ ለገቢ ይበቃል፣ ለሕይወት ግን አይበቃም። በተለምዶ ግራውንድ የሚባለው የመሬት መስመር ቢበጠስ የሞተሩ ፍጥነት አይቀንስም፣ ድምፁም አይለወጥም፣ የዱቄቱ ልመትም አይጓደልም። ጉድለቱ ለወራት ወይም ለዓመታት ዝም ብሎ ሊቀመጥ ይችላል። የሚገለጠው ሌላ ጉድለት ሲጨመርበት፣ ማለትም ሽፋኑ ተበልቶ ፌዙ ብረቱን ሲነካ ነው፤ ያን ጊዜም የሚገለጠው በሰው አካል በኩል ነው። የኤሌክትሪክ መሣሪያዎች የደኅንነት ፍተሻ ይህን ዝም ያለ ጉድለት ሰው ከመንካቱ በፊት በዓይንና በመለኪያ ፈልጎ የማግኘት ሥራ ነው።

ብሬከሩ የሚጠብቀው ሽቦውን ነው

«ብሬከር አለን፣ ችግር ቢኖር ይወርድ ነበር» የሚለው አስተሳሰብ በሰፊው ይሰማል። ሒሳቡ ግን ሌላ ነው። ኮረንቲ ከእጅ ወደ እግር ሲያልፍ የሰው አካል ያለው መቋቋም እንደ ሁኔታው ቢለያይም ለስሌት 1,000 ኦም ገደማ ተደርጎ ይወሰዳል፤ ላብና እርጥበት ሲኖር ደግሞ ይቀንሳል። 220 ቮልት ለ1,000 ኦም ሲካፈል 0.22 አምፔር፣ ማለትም 220 ሚሊአምፔር ይሆናል። በ10 ሚሊአምፔር ገደማ የእጅ ጡንቻ ተኮማትሮ የጨበጠውን መልቀቅ ያቅተዋል፤ ሕዝቡ «ኮረንቲ ያዘው» የሚለው ይህን ነው። ከ30 ሚሊአምፔር በላይ የሆነ ኮረንቲ በአካል ውስጥ ከቆየ ትንፋሽን ሊያውክና የልብን ምት ሊያዛባ ይችላል። ወፍጮ ቤት ውስጥ የተለመደ ባለ 32 አምፔር ብሬከር ግን ሰው ሊገድል ከሚችለው ከዚያ 0.22 አምፔር ከ140 እጥፍ በላይ የሆነ ኮረንቲ ሳይወርድ ያሳልፋል። ብሬከር የተሠራው ሽቦው ግሎ እሳት እንዳያስነሣ ነው፤ የሰው እጅ ብረቱን መያዙን የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

ሰውን ለመጠበቅ የተሠራው በባለሙያዎች ዘንድ አርሲዲ በመባል የሚታወቀው መቁረጫ ነው። በፌዝ የሄደውና በኒውትራል የተመለሰው ኮረንቲ እኩል መሆኑን ያነጻጽራል፤ ልዩነቱ 30 ሚሊአምፔር ሲደርስ ከሰከንድ ሽራፊ ባነሰ ጊዜ ይቆርጣል። በላዩ ላይ «ቲ» የሚል የላቲን ፊደል ያለበት ትንሽ መሞከሪያ አለው። እርሱን ተጭኖ መቁረጡን ማየት ምንም መለኪያ የማይጠይቅ ፍተሻ ነው። ተጭነውት ካልወረደ መሣሪያው ሞቷል ማለት ነውና መቀየር አለበት። የሚገርመው፣ አርሲዲው ባለባቸው ቤቶች እንኳ ይህን መሞከሪያ ከተገጠመ ጀምሮ ተጭኖት የሚያውቅ ሰው ጥቂት መሆኑ ነው።

መሬት ውስጥ የተቀበረ ዘንግ ብቻውን አይበቃም

ብዙ ባለንብረቶች የመዳብ ዘንግ አስቀብረው ግራውንድ አለን ይላሉ። ዘንጉ መኖሩ መልካም ነው፤ ጥያቄው ምን ያህል ይሠራል የሚለው ነው። ድንጋያማ በሆነ ወይም በበጋ በደረቀ አፈር የተቀበረ ዘንግ 50 ኦም ወይም ከዚያ በላይ መቋቋም ሊኖረው ይችላል። ፌዙ የሞተሩን አካል ቢነካ በ50 ኦም በኩል የሚያልፈው ኮረንቲ 220 ለ50 ሲካፈል 4.4 አምፔር ነው። ባለ 32 አምፔሩ ብሬከር ይህን አይሰማውም፤ ሞተሩ እየፈጨ ይቀጥላል፣ ብረቱም የሚገድል ቮልቴጅ ተሸክሞ ይቆያል። ለአርሲዲ ግን 4.4 አምፔር ከበቂ በላይ ነው፤ ወዲያውኑ ይቆርጣል። ስለዚህ መሬት መስመሩና አርሲዲው አብረው መኖር አለባቸው። ዘንጉም ዓመቱን ሙሉ እርጥበት በሚይዝ ቦታ መቀበር ይኖርበታል፤ መቋቋሙ ሲለካ በበጋው ቢሆን ይመረጣል፤ በክረምት የተገኘ ጥሩ ቁጥር በሚያዝያ ላይኖር ይችላልና።

ፍተሻው እንዴት ይካሄዳል?

መጀመሪያ የሚመጣው ዓይን ነው። በዚህ ሙያ ረጅም ልምድ ባላት ብሪታኒያ የሥራ ደኅንነት ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት አብዛኛው ጉድለት በዓይን ብቻ እንደሚገኝ ይመክራል። መስመሩ ከተቋረጠና ስፒናው ከተነቀለ በኋላ ገመዱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይታያል። አይጥ የበላው ቦታ፣ ጆንያ ሲጎተትበት የተላጠ፣ በናስትሮ ተጠቅልሎ የተቀጠለ፣ በር የሚጨፈልቀው፣ በዱቄት ወይም በውኃ ውስጥ የሚያልፍ ክፍል መኖሩ ይመረመራል። የጠቆረ ወይም የቀለጠ ሶኬት የላላ ግንኙነት ወይም ከአቅም በላይ የሆነ ጭነት ምልክት ነው። በፊውዝ ቦታ የመዳብ ሽቦ ከተጠቀለለ ፊውዝ የለም ማለት ነው። በመጨረሻም ስፒናው ይከፈትና ቢጫና አረንጓዴው ሽቦ በቦታው መታሰሩ ይታያል። «ሶኬቱ አልገባ አለ» ተብሎ ሦስተኛው እግር የተቆረጠበት ስፒና በገበያም በሥራ ቤትም እንግዳ አይደለም።

ቀጥሎ የመሬት መስመሩ ቀጣይነት ይለካል። ከስፒናው የመሬት እግር እስከ መሣሪያው ብረት ያለው መቋቋም ከ0.1 ኦምና ከገመዱ የራሱ መቋቋም ድምር መብለጥ እንደሌለበት የሙያው ልምድ ያስቀምጣል። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ተራ መልቲሜትር የሚልከው ኮረንቲ እጅግ ትንሽ ስለሆነ፣ ከብዙ ክሮች አንዱ ብቻ የቀረለትን ሽቦም ደኅና ነው ብሎ ያሳልፋል። ለዚህ የተሠሩት መለኪያዎች ግን 10 ወይም 25 አምፔር መላክ ስለሚችሉ ደካማውን ክር ያጋልጣሉ። በከተሞቻችን መልቲሜትር የያዘ ባለሙያ ማግኘት ይቀላል፤ ይህን መለኪያ የያዘ ማግኘት ግን ፍለጋ ይጠይቃል።

ሦስተኛው የሽፋን መቋቋም ልኬት ነው፤ በተለምዶ በሜገር ይሠራል። መሣሪያው ከመስመር ከተለየ በኋላ 500 ቮልት ቀጥታ ኮረንቲ በሽቦዎቹና በብረቱ መካከል ይላክና መቋቋሙ ይነበባል። ከመሬት ጋር ለሚታሰሩ መሣሪያዎች ዝቅተኛው ተቀባይነት ያለው ቁጥር በተለምዶ 1 ሜጋኦም ነው፤ ሁለት ካሬ አንዱ በሌላው ውስጥ ተስሎ ለሚታይባቸው ባለ ድርብ ሽፋን የእጅ መሣሪያዎች ደግሞ 2 ሜጋኦም። በክረምት እርጥበት የጠጣ ሞተር ቁጥሩ ሊወርድ ይችላል፤ አድርቆ እንደገና መለካት ተገቢ ነው። ኤሌክትሮኒክ ክፍል ያላቸው መሣሪያዎች በ500 ቮልት ሊጎዱ ስለሚችሉ አስቀድመው መለየት አለባቸው፤ ይህ ሥራ ለሠለጠነ ሰው የሚተውበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።

በየኪሱ የሚገኘው መብራት ያለው ካቻቢቴ ቴስተር በአንድ በኩል ብቻ ይታመናል። የማሽኑን ብረት ሲነኩበት ከበራ ማሽኑ ወዲያውኑ ከመስመር መውጣት አለበት። ካልበራ ግን ምንም አላረጋገጠም፤ መሬት መስመሩ መኖር አለመኖሩን አይናገርምና።

የእንጀራ ምጣድ ለብቻው መታየት አለበት

በማኅበር ተደራጅተው እንጀራ ለሚያቀርቡ ሴቶች አደጋው ከወፍጮ ቤቱ ይለያል። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይወስዳል፤ ይህም በ220 ቮልት 16 አምፔር ያህል ነው፤ የተለመደው የግድግዳ ሶኬት አቅም ጫፍ ማለት ነው። በአንድ ኤክስቴንሽን ላይ ሁለት ምጣድ መሰካት ገመዱን ያቀልጣል፤ ተጠቅልሎ የተቀመጠ ኤክስቴንሽን ደግሞ ሙቀቱን ስለማያስወጣ የባሰ ይግላል። የምጣዱ ማሞቂያ ሽቦ ከሸክላው ሥር ባሉ ቦዮች ውስጥ የተዘረጋ ራቁት ሽቦ ነው፤ የሚሸፍነው ሸክላው ነው። ሸክላው ሲሰነጠቅ ሊጥ ወደ ሽቦው ይወርዳል፤ እርጥብ ሊጥም ኮረንቲ ያስተላልፋል። ጋጋሪዋ እጇ እርጥብ፣ ወለሉም እርጥብ ነው። ስለዚህ የተሰነጠቀ ምጣድ «ገና ይጋግራል» ተብሎ የሚቆይ አይደለም። በአካባቢ የሚሠሩ ምጣዶች ሲገዙ ገመዱ ባለ ሦስት ሽቦ መሆኑንና ሦስተኛው ከብረት ማቀፊያው ጋር መታሰሩን ማየት ይገባል።

ስንት ጊዜ፣ በማን?

ብሪታኒያ በ1989 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ያወጣችው የሥራ ቦታ ኤሌክትሪክ ደንብ መሣሪያ ሁሉ በየዓመቱ ይፈተሽ አይልም፤ አደጋ በማያስከትል ሁኔታ ይጠበቅ ነው የሚለው። ጊዜውን የሚወስነው የቦታው ጠባይ ነው። የቢሮ ኮምፒውተር ለዓመታት ሳይለካ ሊቆይ ይችላል፤ በግንባታ ቦታ የሚጎተት የእጅ መሣሪያ ግን በየወሩ እንዲለካ ይመከራል። ወፍጮ ቤትና ብየዳ ቤት በአቧራቸው፣ በንዝረታቸውና በገመዶቻቸው መጎተት ከቢሮ ይልቅ ለግንባታ ቦታ ይቀርባሉ። ኦፕሬተሩ ሥራ ሲጀምር ገመዱንና ስፒናውን ቢያይ፣ ባለቤቱ በየወሩ የአርሲዲውን መሞከሪያ ቢጫን፣ ባለሙያ ደግሞ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ፣ በተለይ ክረምት ሳይገባ፣ ሙሉ ልኬት ቢያደርግ ከአቅም በላይ የሆነ ሥርዓት አይደለም።

የተለካው ቁጥር በደብተር መስፈር አለበት። ዓምና 50 ሜጋኦም የነበረ ሞተር ዘንድሮ 8፣ ከስድስት ወር በኋላ ደግሞ 3 ቢያነብ አሁንም ከዝቅተኛው በላይ ነው፤ ነገር ግን ወዴት እየሄደ እንደሆነ ግልጽ ነው። ደብተር የሌለው ባለቤት 3 የሚለውን ብቻ ያይና ደኅና ነው ብሎ ያልፋል።

በሀገራችን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92 አሠሪው የሥራ ቦታው ለሠራተኛው ጤናና ደኅንነት አደጋ የማያስከትል መሆኑን እንዲያረጋግጥ፣ ሠራተኛው ስለሥራው አደጋ እንዲያውቅ እንዲያደርግ ያስገድዳል። አንቀጽ 93 ደግሞ ሠራተኛው በመሣሪያ ላይ ያየውን ጉድለት ለአሠሪው እንዲያሳውቅ ግዴታ ይጥልበታል። «ብረቱ ይነዝራል» ብሎ መናገር እንግዲህ ስሞታ ሳይሆን የሕግ ግዴታን መወጣት ነው። ባለቤቱም «ትንሽ ነው፣ ልመደው» የሚል መልስ የመስጠት መብት የለውም፤ ትንሽ የነዘረ ብረት ጫማ አውልቆ ወይም ውኃ ረግጦ ለሚነካው ሰው ትንሽ አይደለምና።

ከቆጣሪው በፊት ያለው መስመር የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ንብረት ነው፤ በዚያ ላይ ያለ ጉድለት በ905 ስልክ ይነገራል። ከቆጣሪው በኋላ ያለው የባለንብረቱ ኃላፊነት ሲሆን፣ ሥራው የብቃት ማረጋገጫ ላለው ባለሙያ መሰጠት አለበት።

ሰው ኮረንቲ ከያዘው በእጅ መጎተት ሁለተኛ ተጎጂ መፍጠር ነው። ዋናው ማጥፊያ ይወርዳል ወይም ስፒናው ይነቀላል፤ ይህ ካልተቻለ በደረቅ ነገር ላይ ቆሞ በደረቅ እንጨት ከመስመሩ ማላቀቅ ይሞከራል። ትንፋሽ ከሌለው የደረቱ መሐል በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ በኃይል እየተጫነ ርዳታ እስኪደርስ ይቀጥላል። የነቃ ሰውም ቢሆን ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይኖርበታል፤ የልብ ምት መዛባት ቆይቶ ሊታይ ይችላል።

አንድ ጊዜ ግን ዓመታዊው ቀጠሮ የማይጠበቅበት ነው፤ የተቃጠለ ሞተር ወይም ዲናሞ ተጠቅልሎ ሲመለስ። ጠቅላዩ የሚያረጋግጠው ብዙውን ጊዜ መዞሩን ነው። ሲፈታ የወጣችው የመሬት መስመር ቡሎን ተመልሳ ሳትታሰር ሞተሩ ቺንጋው ተገጥሞለት ወደ ሥራ ሊገባ ይችላል። ስለዚህ ከጥገና የመጣ ሞተር መጀመሪያ በሜገር ይለካል፣ የመሬት መስመሩ ይፈተሻል፣ ቁጥሩ በደብተሩ ይሰፍራል፤ እህል የሚጨመርበት ከዚያ በኋላ ነው።