ከቁራኛ ወደ መዝገብ፦ የኪሳራ ሕግና የጎብዬ ባለዕዳ

በቀድሞው ዘመን በአገራችን ዕዳውን መክፈል ያቃተው ሰው ጉዳዩ የሚያዘው በመዝገብ ሳይሆን በሰንሰለት ነበር። ቁራኛ በሚባለው ሥርዓት ባለዕዳው ከባለገንዘቡ ወይም ከወኪሉ ጋር ተቆራኝቶ፣ ዕዳው እስኪከፈል ወይም ዋስ እስኪገኝ ድረስ አብሮ ይውል፣ አብሮም ያድር ነበር። «በዓይነ ቁራኛ መጠበቅ» መባሉ እስከ ዛሬ አልቀረም። የሥርዓቱ ጭካኔ የታወቀ ነው፤ ብዙ ያልተነገረለት ጉድለቱ ግን አንዱ ባለገንዘብ ባለዕዳውን ይዞ ሲዞር ለሌሎቹ ምን ያህል እንደሚደርሳቸው የሚያጣራ አለመኖሩ ነው።

በ1925 ዓ. ም. የኪሳራ ሕግ ወጣ። ሰፊው ድንጋጌ የመጣው ግን በ1952 ዓ. ም. በታወጀው የንግድ ሕግ ሲሆን፣ ረቂቁን የጀመሩት ፈረንሳዊው ዣን ኤስካራ በመሞታቸው አልፍሬድ ዦፍሬ ፈጽመውታል። ከአንቀጽ 968 ጀምሮ በተጻፈው መሠረት ፍርድ ቤት የከሳሪውን ንብረት የሚረከብ ጠባቂ ይሾም፣ ገንዘብ ጠያቂዎች ማስረጃቸውን ያቀርቡ፣ ክፍያ የቆመበትም ቀን ይወሰን ነበር። ምርመራው ከሰውየው አካል ወደ ሒሳቡ ተሻገረ ማለት ነው፤ ምንም እንኳ በ1958 ዓ. ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ባለዕዳን ማሰር ጨርሶ ባያስቀርም።

ይሁን እንጂ ሕጉ የተናገረው ስለ ነጋዴ ነው፤ ምርቱን ሸጦ የሚኖር ገበሬ በዚያ ሕግ ነጋዴ አልተባለም። የዚህ ልዩነት ትርጉም በጎብዬ ይጎላል። ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በራያ ቆላ የምትገኘው ይህች ከተማ አካባቢዋ የማሽላ አገር ነው፤ አቀንጭራን የሚቋቋም አንድ የማሽላ ዝርያም ስሟን ይዟል። ዝናቡ ቀድሞ ካቆመ ማሽላው ሳያፈራ ይቀራል። በ1965 እና በ1966፣ ኋላም በ1977 ዓ. ም. የወሎ ገበሬ በሬውንና የቤቱን ዕቃ ሸጦ ሲሰደድ፣ ሕጉ የኪሳራ መዝገብ የሚከፍትለት ሰው አልነበረም።

ሆኖም ገበሬው ከመዝገብ ጨርሶ አይጠፋም። በእንዲህ ያለች ከተማ አንድ ባለሱቅ ቢከስርና ደብተሩ ቢመረመር፣ ከሀብቱ ወገን የሚቆጠረው ለገበሬው በዱቤ የተሰጠው ጨው፣ ዘይትና ጨርቅ ጭምር ነው። የገበሬው ውድቀት እንግዲህ በሌላ ሰው መዝገብ ውስጥ «ተሰብሳቢ ሒሳብ» በሚል አርእስት ሥር በአንድ መስመር ይገባል። መርማሪው ይህን መስመር እንዴት ይገምተው? በነሐሴ ቢቆጥረው የማይከፈል ይመስላል፤ ያው ዕዳ ማሽላው ተወቅቶ በገባበት በጥር ሙሉ ዋጋውን ሊያወጣ ይችላል። መሬቱም ከ1967ቱ አዋጅ ወዲህ ስለማይሸጥ፣ ገማቹ የሚመለከተው በሬውንና ክምሩን ነው። የቆጠራው ቀንና የዓመቱ ዝናብ በመዝገቡ ላይ ካልሰፈሩ ባለሱቁ በእውነት መክሰሩን ወይም አለመክሰሩን ኋላ የሚመጣ አንባቢ ሊያውቅ አይችልም።

በ2013 ዓ. ም. የወጣው የንግድ ሕግ አዋጅ ቁጥር 1243 ነጋዴው ከመክሰሩ በፊት ከባለገንዘቦቹ ጋር ዕዳውን የሚያስተካክልበትን ሥርዓት ጨምሯል። ለዚህ ግን ባለሱቁ ገና ሳይወድቅ ደብተሩን ይዞ መቅረብ አለበት። የዱቤ ደብተር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ስምና ገንዘብ ብቻ የሰፈረበት፣ ቀን የሌለው ነው።