ደባል፦ ከአዲስ አበባ እስከ ዳንፎርዝ

አማርኛ በሰው ቤት አንዲት ክፍል ይዞ ለሚኖር ሰው ሁለት ስም አለው። ገንዘቡን ስናስብ “ተከራይ” እንለዋለን፤ አኗኗሩን ስናስብ “ደባል”። ተደበለ ማለት ከሌላው ጋር ተጨምሮ አብሮ ኖረ ማለት ነው፤ ቃሉ ስለ ክፍያ የሚናገረው የለም። እዚህ ቶሮንቶ ብዙዎቻችን የመጀመሪያውን ክረምት ያሳለፍነው በአንድ አገራችን ሰው ቤት ተደብለን ነው። ስለዚህ ይህን የቃል ልዩነት የማነሳው ለሰዋስው ብዬ አይደለም። የኦንታሪዮ ሕግ በዚያ ቤት ውስጥ ማን መሆናችንን የሚወስነው በወጥ ቤቱ ነው።

ከተማዋ ደባልን የለመደችው እኛ ሳንመጣ ነው። በሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በኩዊንና በኮሌጅ፣ በያንግና በዩኒቨርሲቲ ጎዳናዎች መካከል “ዘ ዋርድ” የሚባል የስደተኞች ሰፈር ነበር። ከምሥራቅ አውሮፓ የመጡ አይሁዶችና ጣሊያኖች በጠባብ ቤቶች ውስጥ ደባል እየያዙ ይኖሩበት ነበር። የከተማው የጤና ኃላፊ ዶክተር ቻርልስ ሄስቲንግስ እ.ኤ.አ. በ1911 ስለ ጎስቋላ ሰፈሮች ሪፖርት አወጡ፤ የማዘጋጃ ቤቱ ፎቶግራፍ አንሺ አርተር ጎስም ያንን ኑሮ በምስል አስቀረ። በፎቶዎቹ ላይ የተጨናነቀው ክፍልና የጓሮው ጭቃ ይታያል። የአልጋው ኪራይ የማንን የመርከብ ዕዳ እንደከፈለ አይታይም። ከሰፈሩ መሬት ከፊሉ ላይ ዛሬ የከተማው ማዘጋጃ ቤት ቆሟል።

የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው የታሪክ ምሁር ሮበርት ሃርኒ እ.ኤ.አ. በ1978 “ቦርዲንግ ኤንድ ቢሎንጊንግ” በሚል ርዕስ ያሳተመው ጽሑፍ ለዚህ ኑሮ ሌላ ዓይን ሰጠው። የለውጥ አራማጆቹ ቆሻሻና ብልግና ባዩበት ቤት ውስጥ ሃርኒ ያየው ተቋም ነው፤ ለሥራ የመጣው ወንደላጤ ወሬ የሚሰማበት፣ የአገሩን ምግብ የሚበላበት፣ ከመንደሩ ሰዎች ጋር የማይለያይበት። ሃርኒን ሳነብ እኔ የማስበው ስለ ቤቲቱ ባለቤት ነው። የምታበስለው፣ የምታጥበው እሷ ናት፤ ገቢዋን ግን የቆጠራ መዝገብ እንደ ሥራ አይጽፈውም። እኛም ዘንድ የቤዝመንቱን ኪራይ ተቀብላ ሞርጌጁን የምትሞላ፣ ዓርብ ማታ እንጀራ ጋግራ “ና ብላ እንጂ” የምትል እናት አለች። ታሪኳን የጻፈላት አላገኘሁም።

ወደ ዳንፎርዝ የመጣው የእኛ ትውልድ ከዋርድ ሰዎች የሚለይበት ነገር አለ። ብዙው ያደገው አከራይና ተከራይ በአዋጅ በተሻሩበት አገር ነው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 ሲወጣ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ፤ ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ ቀረ። ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ቤቶች በቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት በኪራይ ቤቶች መሥሪያ ቤት ሥር ገቡ። ደባል ግን በአዋጅ አልቀረም። በቀበሌ ቤት ቆጥ ላይ የሚተኛ ሰው ሁሌም ነበር፤ ለጠየቀ “የአክስቴ ልጅ” ይሆናል። ዝምድና መጠለያም መሸሸጊያም ነበር ማለት ነው። ባለቤቲቱ ካውያ ብትከለክል፣ ውኃውን በባልዲ ብትቆጥር፣ ማምሻውን መብራት ብታጠፋ፣ የአክስት ልጅ ወዴት ሄዶ ይከሳታል?

ይኸው ልማድ ነው በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከሱዳንም ከሌላም በኩል ከመጡት ጋር እዚህ የገባው። በግሪንዉድና በሞናርክ ፓርክ መካከል ዳንፎርዝ ላይ ካሉት ምግብ ቤቶችና ሱቆች ወደ አንዱ ጎራ ብሎ ስለ ክፍል መጠየቅ ነው። ኪራዩ በቃል ይነገራል፤ ውል መጠየቅ አለማመን ይመስላል፤ ጠብ ቢነሳ ሽማግሌ አለ።

ጉዳቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. የ2006ቱ የኦንታሪዮ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ሕግ አንቀጽ 5፣ ተከራዩ ወጥ ቤት ወይም መታጠቢያ ቤት ከባለቤቱ ጋር፣ ወይም ከባለቤቱ የትዳር ጓደኛ፣ ልጅ ወይም ወላጅ ጋር የግድ የሚጋራ ከሆነና እነሱም እዚያው ሕንፃ ውስጥ ከኖሩ፣ ሕጉ አይመለከተውም ይላል። የዓመት ኪራይ ጭማሪ ጣሪያ የለውም። የ60 ቀን ማስጠንቀቂያ የለውም። የአከራይና ተከራይ ቦርዱም አቤቱታውን አይሰማም። የሰብዓዊ መብት ኮዱም በአንቀጽ 21 ተመሳሳይ በር ይከፍታል፤ ወጥ ቤት የሚጋራ ባለቤት ደባሉን በዘር ወይም በሃይማኖት ቢመርጥ ኮዱ እንደ ጥሰት አይቆጥረውም። ምክንያቱ ይገባኛል፤ ማንም በገዛ ጓዳው ከማይወደው ሰው ጋር እንዲኖር አይገደድም። ውጤቱ ግን ለእኛ የተገላቢጦሽ ነው። የራሱ ምድጃ ያለው የቤዝመንት ተከራይ፣ ከባለቤቷ ጋር ቃል ሳይነጋገር ዓመት ቢኖርም፣ ሕግ ይጠብቀዋል። ቁሌቱን በአንድ ድስት የሚጋራው፣ “ልጄ” የሚባለው ደባል ግን በበረዶ ሻንጣው ውጭ ቢቀመጥ ያ ሁሉ ጥበቃ የለውም። ማዕድ መጋራትን እንደ መከባበር ያየነውን ያህል ሕጉ እንደ መብት ማጣት ይቆጥረዋል።

ከተማዋ ከመጋቢት 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ አራትና ከዚያ በላይ ክፍሎች ለየብቻ የሚከራዩባቸውን ቤቶች በፈቃድ በመላው ቶሮንቶ ሕጋዊ አድርጋለች፤ ቀድሞ በስካርቦሮና በኖርዝ ዮርክ ክልክል ነበሩ። በዚያው መጋቢት የኢትዮጵያ ፓርላማ የጽሑፍ ውልና ቢያንስ የሁለት ዓመት ጊዜ የሚጠይቀውን የኪራይ አዋጅ 1320/2016 አጸደቀ። ሁለቱም ደንቦች ዓይናቸው ገበያው ላይ ነው፤ አንዲት ክፍል ለአንድ ልጅ የሰጠችው የዳንፎርዝ እናት አራት ክፍልም አልሞላች፣ ውልም የላት።

እንዲህ ያለ ደባል ጠብ ሲገጥመው የሚቀረው ወደ አነስተኛ ክሶች ፍርድ ቤት መሄድ ነው፤ እዚያም የሚጠየቀው ማስረጃ ነው። የኪራዩን ልክ፣ የማስለቀቂያውን ጊዜና የመያዣውን ገንዘብ የያዘች፣ ሁለቱ የፈረሙባት አንዲት ገጽ ትበቃለች። ወረቀቷን ማንሳት ያለባት ባለቤቲቱ ናት፤ ደባሉ ቢጠይቅ ነውር ይመስላል፣ እሷ ብትጠይቅ ግን ማንም አይቀየማትም።