አየሩን አወጣን፣ ኪሎው ቀረ

ነገሩ የተጀመረው አክስታችን ሳሎን ውስጥ ነው፡፡ ልጇ ወደ አሜሪካ ልትሄድ ሦስት ቀን ቀርቷታል፡፡ ሶፋው ላይ፣ ምንጣፉ ላይ፣ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ሳይቀር ዕቃ ተከምሯል፤ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ቡና፣ ሁለት የሐበሻ ቀሚስ፣ አንድ ትልቅ ጋቢ፡፡ ጋቢው ብቻውን የሻንጣውን ግማሽ ይይዛል፡፡ አክስታችን ደግሞ በጋቢው አትደራደርም፡፡ ‹‹ብርድ አገር እኮ ነው የምትሄደው!›› አለች፤ በቃ፣ ክርክሩ ተዘጋ፡፡

እኛም መፍትሔ ይዘን ቀረብን፡፡ ከዱባይ የመጣ ወፍራም የፕላስቲክ ከረጢት ነው፡፡ አፉ በጣት ተጭነው የሚያስኬዱት መዝጊያ አለው፤ ጎኑ ላይ ደግሞ አየር የሚወጣበት ክዳን፡፡ ልብሱን ትከታላችሁ፣ አፉን ትዘጋላችሁ፣ የቫኪዩም ክሊነር ቱቦ ክዳኑ ላይ ትደቅናላችሁ፡፡ ማሽኑን ከጎረቤት ተዋስን፡፡ ያ ሁሉ ጋቢ ዓይናችን እያየ ሟሸሸና እንደ ቂጣ ሆነ፡፡ አክስታችን አማተበች፡፡ ባዶ ቦታ ሲገኝ ዝም ይባላል እንዴ? ሁለት ኪሎ ሽሮና አንድ ኪሎ ኮሰረት የተጨመረበት በርበሬ ገባ፤ ቀጥሎ የጎረቤት አደራ ገባ፡፡ ሻንጣው ያለ ምንም ትግል ተዘጋ፡፡ ማንም ላዩ ላይ አልተቀመጠም!

ኤርፖርት ስንደርስ ሚዛኑ 29 አለ፡፡ የተፈቀደው 23 ነው፡፡

ጋዜጠኝነት ስንማር መምህሮቻችን ‹‹ለምን ብላችሁ ጠይቁ›› እያሉ አሰልችተውን ነበርና ሚዛኑ ፊት ቆመን ለምን አልን፡፡ መልሱ የሚያሳፍር ነው፡፡ አንድ ትልቅ ሻንጣ 100 ሊትር ያህል ቦታ አለው፡፡ ያ ቦታ በሙሉ በአየር ቢሞላ፣ የአዲስ አበባ አየር ሳሳ ያለ ስለሆነ፣ 100 ግራም እንኳ አይደርስም፡፡ ያቺም ብትሆን ሚዛን ላይ አትነበብም፤ አየር በአየር ውስጥ ይንሳፈፋልና፡፡ ስለዚህ እኛ ያን ሁሉ ስንመጥጥ ያወጣነው ሚዛኑ የማይቆጥረውን ነገር ነበር፡፡ ይባስ ብሎ ላወጣነው አየር ምትክ በርበሬ አስገባን፡፡

የሚገርመው ነገር አያቶቻችን ይህን ስህተት አለመሥራታቸው ነው፡፡ የጥንቱን ስንቅ እስቲ ልብ በሉ፡፡ ድርቆሽ ምንድን ነው? ውሃው የወጣለት እንጀራ ነው፡፡ ከእንጀራ ክብደት ከግማሽ በላዩ ውሃ ስለሆነ፣ ፀሐይ ላይ የዋለ እንጀራ ለተሸካሚው ግማሽ ሸክም ነው ማለት ነው፡፡ ቋንጣም እንደዚያው፤ የጥሬ ሥጋ ሁለት ሦስተኛው ወይም ከዚያ የሚበልጠው ውሃ ነው፡፡ በሶ ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል፡፡ ገብሱ ተቆልቶ ተፈጭቷል፤ ከምድጃ ጋር ያለውን ጉዳይ ቤት ጨርሶ ነው የወጣው፡፡ መንገድ ላይ ጠብታ ውሃ ጣል አድርጎ መጨበጥ ነው፡፡ ውሃ በየወንዙ ስላለ ማንም ከቤቱ አይሸከመውም፡፡ እነዚህ ሰዎች የሚሸከምላቸው አጋሰስ ወይም የገዛ ጀርባቸው ነበር፡፡ በቅሎ ደግሞ ስለ ሻንጣ ቁመትና ስፋት ግድ የላትም፤ ስለ ክብደት ግን አጥብቃ ትናገራለች፡፡ ዕቃ መያዣውም ቢሆን ስልቻና አቁማዳ ነበር፡፡ ስንቁ ባለቀ ቁጥር አብሮ የሚሟሽሽ ከረጢት እኛ ዘንድ አዲስ ነገር አልነበረም ለማለት ያህል ነው፡፡

ይህ የወጥ ቤት ጨዋታ ብቻ እንዳይመስላችሁ፡፡ እ.ኤ.አ. በ1895 መጸው ከአዲስ አበባ ተነስቶ ወደ ሰሜን የዘመተው ሠራዊት በአመዛኙ ስንቁን ራሱ ይዞ የወጣ ነው፡፡ ዓድዋ ላይ የተሰለፈው ወደ 100 ሺህ ይገመታል፡፡ ከወታደሩ ጋር ሚስት፣ አሽከር፣ አህያና በቅሎ አለ፤ ድርቆሹና በሶው የተሸከመው በእነሱ ትከሻና ጀርባ ነው፡፡ እስከ የካቲት መጨረሻ ድረስ ሁለቱም ወገኖች፣ ጣሊያኖቹም የእኛዎቹም፣ ስንቃቸው ሊያልቅ ተቃርቦ ነበር፡፡ ውጊያው እ.ኤ.አ. ማርች 1 ቀን 1896 ባይሆን ኖሮ ሠራዊቱ እዚያ ስንት ቀን ይቆይ እንደነበር የሚወስነው ስልቻ ውስጥ የቀረው ነገር ነው፡፡ ስለ ዓድዋ ስንጽፍ ስለ ጎራዴና ጋሻ እንጽፋለን፤ ድርቆሽ ያደረቁትን ሴቶች ግን አናነሳም፡፡ (ይህን ወቀሳ ለራሳችንም ጭምር ነው፤ ያለፈው የካቲት የጻፍነውን ያነበበ ያውቃል፡፡)

ከዓድዋ 28 ዓመት ቀደም ብሎ ደግሞ አንድ ተራራ ላይ የሁለት ሰዎች ጓዝ ተገናኝቷል፡፡ አፄ ቴዎድሮስ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲሄዱ ጋፋት ላይ ያሠሩትን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ አስጎትተዋል፡፡ ክብደቱ 7 ቶን ገደማ ነው፡፡ መንገድ ስላልነበረ መንገዱ እየተጠረገ፣ ድንጋዩ እየተፈለጠ፣ በሰው ጉልበት ወራት ፈጅቶ መቅደላ ወጣ፡፡ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ የምናየው ምስሉ ነው እንጂ ዋናውን ያን መንገድ ያህል ሰው ነው የተሸከመው፡፡ ከዚያ ወገን የመጣው ጄኔራል ናፒየር በበኩሉ 13 ሺህ ያህል ወታደር፣ ከ40 ሺህ በላይ የጋማና የጭነት ከብት፣ 44 ዝሆን ይዞ ነበር፤ ዙላ ወደብ ላይ ሐዲድ ሳይቀር አንጥፏል፡፡ ደጋው እየከፋ ሲመጣ ግን ጨከነ፡፡ የመኮንኖቹን ድንኳንና የግል ጓዝ ወደ ኋላ እያስቀረ ወታደሮቹን አቅልሎ ወደ መቅደላ ገሰገሰ፡፡

እዚህ ላይ ቆም እንበል፡፡ ለመውጣት ብርድ ልብስ የተቆጠረበት ጦር፣ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1868 ሲመለስ ከመቅደላ የተዘረፈውን የብራና መጻሕፍትና የቤተ ክርስቲያን ንዋየ ቅድሳት ወደ ደላንታ ለማውረድ 15 ዝሆንና 200 የሚጠጋ በቅሎ አላጣም፡፡ እዚያው ሜዳ ላይ ለጨረታ ቀረበ፡፡ ጓዝ በዛ፣ ቦታ ጠበበ የሚባለው ታዲያ ለየትኛው ዕቃ ነው? ብዙዎቹ እስከ ዛሬ ለንደን ናቸው፤ ለመመለሻቸው ደግሞ ከዝሆን የቀለለ መጓጓዣ ከተገኘ ቆይቷል፡፡

ወደ ከረጢታችን እንመለስ፡፡ አየርን ጨምቆ ማውጣት ትርጉም ያገኘው በየብስ ሳይሆን በመርከብ ነው፡፡ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከአሜሪካ ደቡብ ወደ አውሮፓ ጥጥ የሚጭኑ መርከቦች ችግራቸው ክብደት አልነበረም፡፡ ጥጥ አብዛኛው ገላው አየር ስለሆነ፣ መርከቧ ገና ልትሸከም የምትችለውን ሳትሸከም ሆዷ ይሞላል፡፡  ስለዚህ ወደቡ ላይ በእንፋሎት የሚሠራ መጭመቂያ ተተከለ፡፡ ኒው ኦርሊንስና ጋልቨስተን ላይ ደግሞ የታሰረውን ጥጥ መርከቧ ሆድ ውስጥ ገብተው በብሎን ክሪክ እየገፉ የሚጠቀጥቁ ሠራተኞች ነበሩ፤ ራሱን የቻለ ሙያ ነው፡፡ የዚህን ዘር ማየት የፈለገ መርካቶ ይሂድ፡፡ ሰልባጅ ልብስ በቦንዳ ታስሮ ነው የሚመጣው፤ አንዱ ቦንዳ ብዙ ጊዜ ከ45 እስከ 55 ኪሎ ነው፡፡ ማሰሪያው ሲቆረጥ ልብሱ እፎይ ብሎ ሲያብጥ ቆማችሁ አይታችሁ ከሆነ፣ የፕላስቲኩ ከረጢት ሲከፈት የሚሆነውን አይታችኋል፡፡

ከረጢቱን የሚጨምቀው ማሽኑ ነው ብለን ነበር እኛ፡፡ ማሽኑ ግን አየሩን ከመውሰድ በቀር የሚጫነው ነገር የለም፡፡ የሚጫነው ውጭ የቀረው አየር ነው፡፡ ጀርመናዊው ኦቶ ፎን ጌሪከ በ1650ዎቹ ሁለት የመዳብ ግማሽ ኳሶች ገጥሞ ውስጣቸው ያለውን አየር በፓምፕ ካወጣ በኋላ ሁለት ቡድን ፈረሶች ግራና ቀኝ ጎትተው ሊያላቅቋቸው አልቻሉም፡፡ ኳሶቹን ያጣበቃቸው የአካባቢው አየር ነው፡፡ በባሕር ጠለል ላይ አየር በእያንዳንዱ ስኩዌር ሴንቲሜትር ላይ 1 ኪሎ ያህል ይጫናል፤ አዲስ አበባ ላይ ከዚህ ሩብ ያህሉ ይቀንሳል፡፡ የቦሌ ማረፊያ 2,334 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፡፡ አውሮፕላን ውስጥ የሚጠበቀው ግፊት አብዛኛውን ጊዜ ከ1,800 እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ካለው ጋር ይመሳሰላልና፣ አዲስ አበባ የተዘጋ የውሃ ላስቲክ በሰማይ ምንም አይሆንም፤ ዱባይ ሲያርፍ ግን ጭምድድ ይላል፡፡ ጋቢያችንም ከኛ ይልቅ እዚያ ይበልጥ ይጨመቅ ነበር… ከደረሰ፡፡

አውሮፕላን ሲመጣ ዓለም ወደ በቅሎዋ ሕግ ተመለሰች፡፡ በ1920ዎቹና በ30ዎቹ ተሳፋሪው ራሱ ከሻንጣው ጋር ሚዛን ላይ ይወጣ ነበር፡፡ የእኛ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 8 ቀን 1946 በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ያደረገው በሲ-47 ነው፤ በጦርነት ዘመን የጭነት አውሮፕላን ማለት ነው፡፡ እንዲህ ላለው አውሮፕላን እያንዳንዱ ኪሎ ነዳጅ ነው፡፡ ለብዙ ዓመታት በአብዛኛው ዓለም የተራ ተሳፋሪ ድርሻ 20 ኪሎ ሆኖ የቆየውም ለዚህ ነው፡፡

የዚህ ሒሳብ ጫፍ የታየው እዚሁ አዲስ አበባ ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1991፣ ኢሕአዴግ ከተማዋ ደጃፍ ላይ ደርሶ ሳለ፣ ዘመቻ ሰለሞን በተባለው ተግባር ከ14 ሺህ በላይ ቤተ እስራኤላውያን በ36 ሰዓት ገደማ ወደ እስራኤል ተጓጓዙ፡፡ የአንዱ ቦይንግ 747 ወንበሮች ተነቅለው ከ1,080 በላይ ሰዎች ተሳፈሩበት፤ በአንድ አውሮፕላን ተጭኖ የማያውቅ የሰው ብዛት ነው፡፡ ይህ የተቻለው ሻንጣ ስላልነበረ ነው፡፡ ብዙዎቹ ከጎንደር አካባቢ መጥተው አዲስ አበባ ወራት የጠበቁ ሰዎች ናቸው፤ ቤታቸውን አንድ ጊዜ ጥለው ነው የመጡት፣ የቀረቻቸውን ደግሞ እዚህ ጣሏት፡፡ ከዚያ አውሮፕላን አየር የሚወጣለት ነገር አልነበረም፡፡

የቀረው ታሪክ አጭር ነው፡፡ በርናርድ ሳዶው የተባለ አሜሪካዊ በ1972 ባለ ጎማ ሻንጣ በስሙ አስመዘገበ፤ ሰው ጨረቃን ከረገጠ በኋላ መሆኑ ነው፡፡ በ1987 ሮበርት ፕላዝ የተባለ አብራሪ ሻንጣውን አቁሞ ረጅም እጀታ ሰጠው፡፡ አየር የሚመጠጥለት ከረጢት በ1990ዎቹ በአሜሪካ ቴሌቪዥን ‹‹ስፔስ ባግ›› እየተባለ ሲተዋወቅ የታሰበው በዋናነት ለቁም ሳጥን ነበር፤ የክረምት ብርድ ልብስ በበጋ እንዳያጣብብ፡፡ መንገደኛ የወደደው በኋላ ነው፡፡ ራያንኤር በ2006 ከሆድ ለሚጫን ሻንጣ ማስከፈል ጀመረ፤ በ2008 ትልልቆቹ የአሜሪካ አየር መንገዶች ተከተሉ፡፡ ሰው ሁሉ በእጁ ወደሚይዛት ትንሽ ሻንጣ ሸሸ፡፡ እሷን ደግሞ ብዙ ቦታ የሚለካት በቁመትና በስፋት ነው፤ የብረት መለኪያ ውስጥ ገባች ወይስ አልገባችም? ለዚያ ሰው ከረጢቱ እውነትም ተአምር ነው፡፡ ሹራብና ጃኬት ይዞ ለሳምንት ለሚሄድ፡፡ በርበሬና ሽሮ ለሚልክ ቤተሰብ የተሠራ ግን አይደለም፤ ዱቄት ውስጥ የሚመጠጥ አየር ጥቂት ነው፣ ኪሎው ግን ሙሉ ነው፡፡

እንግዲህ ሚዛኑ 29 ብሎ ቆሟል፡፡ ሠራተኛዋ ትሑት ነበረች፤ ‹‹እናቴ፣ ወይ ትርፍ ኪሎ ይክፈሉ፣ ወይ ይቀንሱ›› አለቻት አክስታችንን፡፡ መሬት ላይ ቁጭ ብለን ሻንጣውን ከፈትን፡፡ በርበሬው ከታች ነው፣ ጋቢው ከላይ፡፡ ጋቢውን ስንስብ የከረጢቱ አፍ ተላቀቀና ፉ… ብሎ አየር ገባ፡፡ ጋቢው አበጠ፡፡ ኤርፖርት ውስጥ ደግሞ ቫኪዩም ክሊነር ከየት ይመጣል? ስድስት ኪሎ አውጥተን እንኳ ሻንጣው አልዘጋ አለ፡፡ ከኋላችን ያለው ሰልፍ ማጉረምረም ጀመረ፡፡

‹‹አምጪው›› አለች አክስታችን፡፡ ጋቢውን ዘረጋችና ልጇን ከነጃኬቷ አለበሰቻት፡፡ የለበሱትን ማንም አይመዝንም፡፡ የአክስታችን ልጅ በሐምሌ ዶፍ እንደወጣች ባልቴት ተጀቡና፣ እያላበች፣ እየሳቀችና እያለቀሰች ወደ ውስጥ ገባች፡፡

በርበሬው በፌስታል ሆኖ በታክሲ ከእኛ ጋር ተመለሰ፡፡ እስካሁን አክስታችን ቤት ነው፤ ትርፍ ኪሎ ያለው መንገደኛ እየፈለግን ነው፡፡